እናት በሕይወት ሳለች የቤቱ ዕቃ የማን ነው? የሐርጌሳ ቤተሰቦች ሙግት

ፍሪጁ የተገዛው ለንደን ያለው ልጅ በላከው ገንዘብ ነው። ምንጣፉን ያመጣችው ጅዳ ስትሠራ የኖረችው እህት ናት። እናትን የምታጥበው፣ የምታበላውና ሌሊት ተነሥታ መድኃኒት የምትሰጠው ደግሞ ከቤት ያልወጣችው ልጅ ናት። ማሕሙድ ሃይቤን በመሰሉ የሶማሌላንድ መዲና ሐርጌሳ ወረዳዎች እንዲህ ያለ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። እናት እየደከመች ስትሄድ፣ የቤቱ ዕቃ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይጀመራል።

የነገሩ ሥር ጦርነቱ ጋር ይደርሳል። እአአ በ1988 የሲያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን ከምድርና ከአየር ሲደበድብ አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ፈረሰ። ነዋሪዎቿም በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው ሐርተሼክን በመሳሰሉ መጠለያዎች ኖሩ። ሶማሌላንድ በ1991 ከሶማሊያ መለየቷን ካወጀች በኋላ የተመለሱ ብዙ ቤተሰቦች ጎጇቸውን ያቆሙት በውጭ የቀሩ ዘመዶች በላኩት ገንዘብ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የብዙ ሰው ገንዘብ ተቀላቅሏል።

ጠብ ሲነሳ ጉዳዩ መጀመሪያ የሚቀርበው ለሽማግሌዎች ነው። እነሱም ባህላዊውን ሕግ ‘ሔር’ን እና ሸሪዓን ይዘው ይመዝናሉ፤ ካልተቋጨ ፍርድ ቤት አለ። ብዙዎች የሚስቱት ግን እናት በሕይወት ሳለች ውርስ የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ውርስ የሚከፈተው በሞት ነው።

ታዲያ ፍሪጁስ? ሶማሊዎች በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ፣ ልጅ ለእናቱ በስጦታ ያስረከበውን መልሶ መውሰድ አይችልም። በውሰት ያኖረው ከሆነ ግን የራሱ ነው። ዕቃው ወደ ቤት ሲገባ የተነገረው ቃል ይህን ያህል ይመዝናል። ለእናቱ ፍሪጅ ገዝቶ “ውሰት ነው” የሚል ልጅ ግን ከየት ይገኛል?

ይበልጥ የሚከብደው የአስታማሚዋ ልጅ ጉዳይ ነው። ከውጭ የተላከ ገንዘብ በሐዋላ ደረሰኝ፣ ወይም እአአ ከ2009 ወዲህ በሚሠራው የሞባይል ገንዘብ ‘ዛድ’ መዝገብ ላይ ይገኛል። ለዓመታት እናትን ያጠበ እጅ ደረሰኝ የለውም። በሸሪዓ ሴት ልጅ የምትወርሰው የወንድሟን ድርሻ ግማሽ ሲሆን፣ ማስታመሟ ድርሻዋን አያሳድግላትም። እናት “ይህች ክፍል ለእሷ ትሁን” ብላ ብትናዘዝ እንኳ፣ ለወራሽ የተደረገ ኑዛዜ የሚጸናው ሌሎቹ ወራሾች ሲፈቅዱ ነው። በሞት አልጋ ላይ የተሰጠ ስጦታም የሚታየው በኑዛዜ ዓይን ነው። ስለዚህ እናት ለአስታማሚዋ ልጅ አንድ ነገር መተው ከፈለገች፣ አስተማማኙ መንገድ ጤነኛ ሳለች በምስክር ፊት ሰጥታ ማስረከብ ነው።

ይህ ካልሆነ የሚቀረው የሽማግሌዎች ማግባባት ነው። ወራሾች በፈቃዳቸው ድርሻቸውን መተው ይችላሉና፣ ባሕር ማዶ ያሉትን በስልክ መለመን የእነሱ ፋንታ ይሆናል። የፈቀደ ሰው የሚተወው ግን የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። አንዱ እምቢ ካለ፣ ክርክሩ ስለ አንዲት ጠባብ ክፍል ቢሆንም የእሱ ድርሻ ይጠበቅለታል።