የድብርት መድኃኒት ማስታወቂያ ተከልክሏል፤ የሐኪሙ በር ግን ክፍት ነው

ከጳውሎስ ሆስፒታል ፊት ለፊት የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ከዚያ ሳይርቅ ፓስተር፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። መድኃኒት የሚገዛው፣ በጤና ላይ የሚመራመረውና መድኃኒት የሚያዝዘው ሁሉም ጉለሌ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። የግል ፋርማሲዎቹም እዚያው ዙሪያውን ተደርድረዋል። እንግዲህ አንድ ታማሚ የድብርት መድኃኒት ታዝዞለት ከተመላላሽ ክፍል ሲወጣ መንገዱ አጭር ነው። በማዘዣው ላይ ያለው ስም እዚያ እስኪደርስ የመጣበት መንገድ ግን ረጅም ነው።

በአሜሪካ የድብርት መድኃኒት በቴሌቪዥን ይተዋወቃል። በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት በቀጥታ ለሕዝብ እንዲህ እንዲተዋወቅ የሚፈቅዱት በዋናነት አሜሪካና ኒውዚላንድ ናቸው። በኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይህን ከልክሏል፤ ደግም አድርጓል። ችግሩ ክልከላው ብቻውን በቂ ነው ተብሎ መታሰቡ ነው። የኩባንያዎቹ ትልቁ ተጽዕኖ ምንጊዜም ያረፈው ሐኪሙ ላይ ነው፤ ሐኪሙ በሚያነበው ጥናት፣ በሚሄድበት ስብሰባ፣ በሚሰጠው ስጦታ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኤሪክ ተርነርና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የቀረቡ 74 የድብርት መድኃኒት ጥናቶችን መረመሩ። ውጤታቸው ጥሩ ከተባሉት 38 ጥናቶች 37ቱ ታትመዋል። ከቀሩት 36 መካከል 22ቱ ከናካቴው አልታተሙም፣ 11ዱ ደግሞ ጥሩ ውጤት እንዳገኙ ተደርገው ታተሙ። እንዳለ የወጡት 3 ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ይሠራል። ነገር ግን መጽሔት እያነበበ የሚያዝዝ ሐኪም፣ አዲስ አበባም ይኑር ለንደን፣ ከእውነቱ የተሻለ መድኃኒት በእጁ ያለ ይመስለዋል።

ፓሮክሰቲን ሌላው ምስክር ነው። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ በ2003 ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ የድብርት ታማሚዎች እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ። አምራቹ ግላክሶስሚዝክላይን በ2012 በአሜሪካ ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ በዚህና በሌሎች ክሶች 3 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ከክሶቹ አንዱ ይህንኑ መድኃኒት ላልተፈቀደለት ዕድሜ፣ ለልጆች ማስተዋወቁ ነው። በጃፓን ደግሞ ያው መድኃኒት በ2000 ገበያ ሲገባ ድብርት «የልብ ጉንፋን» እየተባለ ለሕዝብ ተነገረ። ሕመሙን አቅልሎ የሰየመ ገበያውን አሰፋ። «ደበረኝ» የሚለው ቃል ለሰኞ ጠዋትም ለከባድ ሕመምም በሚያገለግልበት አገር ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፦ በኢትዮጵያ ብዙው የድብርት ታማሚ ጭራሽ ሕክምና አያገኝም፤ ጸበል እንጂ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ዓመታት ያልፉታል፤ ታዲያ ስለ መድኃኒት መብዛት መጨነቅ የቅንጦት አይሆንም? ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ሕክምናው መስፋፋት አለበት፣ ከ2010 ጀምሮም የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ ቆይቷል። ግን ሲወርድ የሚያዝዘው የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሳይሆን አጭር ሥልጠና የወሰደ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ያው መመሪያ ለቀላል ድብርት በመድኃኒት አትጀምሩ፣ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አትስጡ፣ ከዚህ በፊት የማኒያ ምልክት ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ ይላል። የብሪታንያው ናይስም በ2022 ቀለል ላለ ድብርት መድኃኒትን የመጀመሪያ ምርጫ አድርጋችሁ አታቅርቡ ብሏል። ይህን ሁሉ ለጤና መኮንኑ ማን ያስታውሰው? መንግሥት ካላስታወሰው ቦርሳውን አንግቦ የሚመጣው የኩባንያ ወኪል፣ በሙያው ሰፈር «ሜዲካል ሪፕ» የሚባለው፣ የራሱን ያስታውሰዋል። ወኪሉ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ብዙዎቹ የተማሩ ፋርማሲስቶች ናቸው፤ የሚከፈላቸው ግን ለሽያጭ ነው።

አሚትሪፕቲሊንን ተመልከቱ። ርካሽና አሮጌ ነው፤ ከመጠን ካለፈ ለልብ አደገኛ ስለሆነ ለማን፣ ስንት እንደሚሰጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ርካሽ በመሆኑ ግን ስለ እሱ ሊያስተምር የሚመጣ ወኪል የለም። በመንግሥት ተቋም መድኃኒት ሲጠፋም ታማሚው «ውጭ ግዛ» ይባላል፤ ያኔ በማዘዣው ላይ የንግድ ስም ከተጻፈ የሚከፍለው ታማሚው ነው። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ልዩ ማዘዣ ሲጠየቅባቸው የድብርት መድኃኒት በተራ ማዘዣ ይሰጣል። ይህ ተገቢ ነው፤ ማጥበቁ ታማሚውን ብቻ ይጎዳል። መጥበቅ ያለበት ሌላው ወገን ነው።

አሜሪካ ያን ሁሉ ማስታወቂያ እየፈቀደች እንኳ በ2010 ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ለሐኪም የከፈሉትን ሁሉ እንዲያስመዘግቡ አስገድዳለች፤ ማንም ዜጋ የሐኪሙን ስም ጽፎ ማየት ይችላል። በኢትዮጵያ ሕዝብ የሚያየው እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሊጀምረው ይችላል፤ ወኪሎችንና አስመጪዎችን ያውቃቸዋል። ጤና ሚኒስቴርም ፈቃድ ለማደስ የሚቆጠረውን ሥልጠና ማን እንደከፈለበት እንዲገለጽ ማዘዝ አያቅተውም። ማዘዣ በንግድ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ ስም እንዲጻፍ ማድረግ ደግሞ በጀት እንኳ አይጠይቅም። ጳውሎስና አቅራቢው መሥሪያ ቤት የሚለያዩት በአንድ አስፋልት ነው፤ ሙከራው እዚያው ቢጀመር የሚከለክል የለም።