አንቲባዮቲክ የመንገድ ስንቅ አይደለም

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሹር ነበር። ካርቱም ውስጥ በደይምና በጅሬፍ ሰፈሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ለፋሲካ ሲሰናዱ፣ ሙስሊም ወገኖቻቸውም የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት ሲጾሙ፣ የሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ በከተማዋ መሀል መታኮስ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብዙ ሺህ ሰው በወድ መደኒና በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ገላባት፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ መተማ አመራ። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ገንዘብ ያለው በአውቶቡስ፣ የሌለው በጭነት መኪና፣ መኪና ያጣውም የመንገዱን ክፋይ በእግሩ ተጓዘ።

እንዲህ ያለ መንገድ የሚጠብቀው ሰው ምን መድኃኒት ይያዝ? ለዚህ ጥያቄ በሀገራችን ሰው ዘንድ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የተዘጋጀ መልስ አለ። አሞክሳሲሊን ያዝ፣ ሲፕሮ ያዝ፣ ለሆድ ፍላጅል፣ ለሕመም ዲክሎፌናክ፣ ከተገኘም ትራማዶል። ይህ ዝርዝር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ በሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሻንጣ ውስጥ አለ፤ ወደ ዓረብ ሀገር በምትሄደው እህት ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ተራራ ለመውጣት በሚነሱ የአዲስ አበባ ወጣቶች ጀርባ ላይም አለ። ማንም አልመረመረውም፤ አንዱ ለሌላው እየነገረው እንደ ደንብ ተቆጥሯል። ደንቡ ግን ስሕተት ነው፤ ሰውንም እየጎዳ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለቱ መንገዱን አለማየቱ ነው። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ከተማ ናት። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የሚያሰጋው ብርድና የአየር መሳሳት ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ከፍታ ራሱን ለሚያዞረውና ለሚያስመልሰው ሰው ዋናው ሕክምና ወደ ታች መውረድ ሲሆን፣ አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድለትም። በበረሃ ለሚጓዘው ደግሞ ውሃና ጨው ይቀድማሉ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ከረጢት የሚያስይዝ ምክር የማንኛቸውንም ጉዞ አስቦ የተሰጠ አይደለም።

ከካርቱም የወጡትን ሰዎች በመንገድ የጠበቃቸው ምን ነበር? ኮሌራ ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተፈናቃዮቹን ባስጠጋው በመተማ ወረዳ በኩመር መጠለያ ኮሌራ ገባ። በመስከረም 2016 ገዳሪፍ ውስጥ ወረርሽኝ መከሰቱን የሱዳን መንግሥት አስታወቀ። በነሐሴ 2016 እንደገና አወጀ። በግንቦት 2017 ደግሞ በሰው አልባ አውሮፕላን ጥቃት መብራት በመቋረጡ የካርቱም የውሃ ማጣሪያዎች ቆሙ፤ ሕዝቡ ያልተጣራ ውሃ ለመጠጣት ተገደደ፤ በሽታውም በከተማዋ ተዛመተ።

ኮሌራ ሰውን የሚገድለው ውሃና ጨው ከሰውነቱ አሟጦ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታማሚዎቹ እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በአፍ በሚወሰድ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ብቻ ሊድኑ ይችላሉ። አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው በጠና ለታመሙት ነው፤ እሱም ተጨማሪ እንጂ የውሃው ምትክ አይደለም። ይህን ዓለም የተማረው ከስደተኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከምሥራቅ ፓኪስታን፣ ከዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ወደ ሕንድ የተሰደዱ ሰዎች ቦንጋኦን ከተማ ውስጥ በኮሌራ ያልቁ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ አስበጥብጦ ለበሽተኞቹ ቤተሰቦች ሰጠ፤ እናቶችና እኅቶች በጽዋ እያጠጡ አስታመሙ። ወደ 30 በመቶ ደርሶ የነበረው የሟቾች መጠን ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ግኝት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። እኛ ግን ሲፕሮ ይዘን ኦአርኤሱን ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ትተነው እንሄዳለን፤ ርካሽ ስለሆነና የሕፃናት ነው ስለሚባል።

የሕፃናት ብቻ አይደለም። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የውሃ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሊትር፣ ተለክቶ ዱቄቱ በሙሉ ይጨመርበታል። ግማሹን ፓኬት በብርጭቆ መበጥበጥ ጨዉን ስለሚያከብደው ይጎዳል። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። የሚያስመልሰው ሰው ጥቂት ደቂቃ አርፎ በማንኪያ በማንኪያ ይቀጥላል። ፓኬት ከሌለ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ከዚሁ ጋር የውሃ ማከሚያ እንክብል ቢያዝ የሻንጣው ግማሽ ጥያቄ ተመለሰ።

አንቲባዮቲኩ ቢያዝ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ፊንላንዳውያን ተመራማሪዎች ወደ ሞቃት አገሮች ሄደው የተመለሱ 430 ተጓዦችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ውጤት ይመልስለታል። ተቅማጥ ካልያዛቸው ተጓዦች መካከል ብዙ መድኃኒት የማይበግረው የአንጀት ባክቴሪያ ይዘው የተመለሱት 11 በመቶ ነበሩ። ተቅማጥ ይዟቸው አንቲባዮቲክ ካልወሰዱት 21 በመቶ። ከወሰዱት ግን 37 በመቶ። ተጓዡ የዋጠው ኪኒን ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ለጠንካራው ቦታ ይለቅለታል፤ እሱንም ይዞ ወደ ቤተሰቡና ወደ መጠለያው ይገባል። መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ መሞቱን፣ ከሁሉም በላይ የተጎዳውም ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ጠንካራው ክርክር ሌላ ነው። በመንገድ ላይ ሐኪም የለም፤ ጦርነት ባለበት ጤና ጣቢያው ተዘግቷል፤ ታዲያ ሰው ባዶ እጁን ይሂድ? ይህ ጥያቄ ክብደት አለው፤ የሚያነሱትም ሐኪም በሌለበት ወንድማቸውን ወይም ልጃቸውን ያጡ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ትኩሳት ያለውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሕክምና ብዙ ቀን ርቆ የያዘውን ሰው አንቲባዮቲክ ሊያድነው ይችላል። ስለዚህ ሩቅ የሚሄድ ሰው አንድ ዓይነት፣ ባለሙያ መርጦለት፣ መቼና ስንት ቀን እንደሚወሰድ በወረቀት ጽፎለት ቢይዝ አግባብ ነው። አራት ዓይነት ያለ ወረቀት አጭቆ፣ ጉንፋን ለያዘው ሁለት ፍሬ፣ ሆዱን ለቆረጠው ሦስት ፍሬ እያካፈሉ መሄድ ግን ሕክምና ሊባል አይችልም።

የሕመም ማስታገሻውም በጣም ያሳስባል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ጤነኛና ውሃ የጠጣ ሰው ይቋቋመዋል። በ42 ዲግሪ ሙቀት ከጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ፣ ሽንት ቤት ስለሌለ ውሃ መጠጣት ፈርቶ፣ ወገቡን ሲያመው በቀን ሦስት ዲክሎፌናክ የሚውጥ ሰው ግን ኩላሊቱን ያጋልጣል። ጦርነቱ ብዙ የኩላሊት እጥበት ማዕከላትን በዘጋባት ሱዳን ይህ የሞት ፍርድ ነው። ለመንገድ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። ስለ ትራማዶል ደግሞ ወደ ግብፅ የሚሻገሩ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት ቱሪስት 290 ፍሬ ትራማዶል ይዛ ገብታ ሦስት ዓመት እስራት ተፈርዶባታል።

እስካሁን የተነሳው ሁሉ ግን ከሚቀጥለው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ያ ዝርዝር ተጓዡ ራሱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ስኳር አለበት? ደም ግፊት? አስም? የሚጥል በሽታ? የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚ ነው? ሊይዘው ይችላል ለተባለ በሽታ አራት ካርቶን የያዘ ሰው፣ በየቀኑ የሚውጠውን ለሦስት ቀን ብቻ ይዞ ይነሳል፤ እደርሳለሁ፣ እዚያ እገዛለሁ ብሎ። ፌኖባርቢታል በድንገት ያቆመ ሰው ጭነት መኪናው ላይ ተደጋጋሚና የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊነሳበት ይችላል። ኢንሱሊን ያለቀበት ወጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እዚያ እገዛለሁ የሚለው ተስፋ በካርቱም ስንት ጊዜ እንደከሸፈ ታሪኳ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1998 የአሜሪካ ሚሳይሎች በሰሜን ካርቱም የሚገኘውን አል ሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ አወደሙት፤ የወባና የከብት መድኃኒት የሚያመርት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጦርነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት የካርቱም መጋዘን በታጣቂዎች ተያዘ፤ ማቀዝቀዣዎቹ ከሶኬት ተነቀሉ፤ በቅዝቃዜ መቀመጥ የነበረበት መድኃኒት በሙሉ ተበላሸ።

ስለ ቅዝቃዜ ከተነሳ አንድ አጉል እምነት ይታረም። ብዙ የስኳር ታማሚ ፍሪጅ በሌለበት ኢንሱሊን አይሠራም ብሎ ጠርሙሱን ጥሎት ይሄዳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በኬንያው የዳዳብ መጠለያ ሙቀት ልክ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን አልለቀቀም። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ መፍትሔው በካርቱም ደጆች ላይ የቆመው ዚር ነው፦ መንገደኛ ውሃ እንዲቀዳበት የሚቀመጠው የሸክላ ጋን። ውጪው እየረጠበ፣ ነፋስ እየመታው ውስጡ ይበርዳል። ትንሽ ያልተቀባ ሸክላ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጠርሙሱ ውሃ ሳይነካው በደረቅ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ፣ ጥላ ሥር ቢያዝ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በረዶ ላይ ማስቀመጥ ግን ያበላሸዋል፤ በረዶ ሆኖ የረጋ ኢንሱሊን ይጣላል።

የወባውንም ነገር ማለፍ አይቻልም። ኮአርተም ለአዋቂ በሦስት ቀን በስድስት ጊዜ የሚወሰድ 24 ፍሬ ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሰርጋል። ስምንት ፍሬ ውጦ ሲሻለው ቀሪውን ለጓደኛው የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም ሳያክም ይቀራል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ለመድኃኒቱ ዋና ክፍል የመላመድ ምልክት ያለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል፤ መንገዱ የሚያልፈው በዚያው አካባቢ ነው።

ተጓዡን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ባንኮኒው ላይ ግን መንገድ ልሄድ ነው ማለት እንደ ማዘዣ ሲያገለግል ይታያል። የጎንደር፣ የገንዳ ውኃና የመተማ ፋርማሲ ባለሙያዎች ይህን ሰው ከማንም በፊት ያገኙታል። ለመንገድ ምን ልያዝ ብሎ ሲገባ በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብለው ይጠይቁት፤ ካለ የአንድ ወር በሁለት ቦታ ከፍለው፣ ስሙንና መጠኑን በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ከዚያ ኦአርኤስና የውሃ ማከሚያ ይጨምሩለት። ሲፕሮውን የጠየቀ እንደሆነም ማዘዣውን ይጠይቁት።