የማን ጉልበት?

ዶርማችን ግድግዳ ላይ የፖንቲያክ ጂቲኦ ፎቶ ተለጥፏል። አማኑኤል በጋሪ ያደግን ልጆች፣ «325 የፈረስ ጉልበት» ሲሉን ምራቃችንን እንውጣለን።

እስቲ እንጠይቅ! ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መኪኖቹ ትልቅ ሞተር እንዳይገጠምላቸው ደንብ ነበረው። ፖንቲያክ ግን እ.ኤ.አ. ለ1964 ሞዴል ደንቡን በጓሮ ዞሮ 6.4 ሊትሩን ሞተር «ተጨማሪ ዕቃ» ብሎ ሸጠው። ቤንዚን ርካሽ ሲሆን ማን የማይጀግን አለ?

እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ ሲወደድስ ዱላው ማን ላይ አረፈ? ሞተሯ አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ ፊያት ሰይቼንቶ የሚነዳው የአዲስ አበባ ባለታክሲ ላይ! በእኛ የካቲት 1966 ቤንዚን 50 በመቶ ሲጨመርበት መኪናውን አቁሞ አደመ፤ መንግሥትም ዋጋውን ቀነሰ።

ፎቶው ይነሣ አላልንም፤ ያምራል። የሰይቼንቶዋም ከጎኑ ይለጠፍልን!