ማልዲቭስ እዚያው ትቅር፣ ደንዲን ተዉልን

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሰው ሁሉ ያቺን ማስታወቂያ ሳያያት አልቀረም። ‹‹ሰባት ቀን፣ አራት ደሴት፣ ቁርስን ጨምሮ!›› ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ ቀለም የተቀባ የሚመስል ባሕር፣ ጀርባዋን የሰጠችን አንዲት ልጅ። ፊቷ አይታይም። ለምን እንደማይታይ ስንከራከር ነበር፤ ‹‹እኔ ነኝ ብለሽ እንድታስቢ ነዋ!›› አለች ጓደኛችን። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። ዋጋው ታዲያ በዶላር ነው። ዶላሩን ከየት እንደምናመጣው ማስታወቂያው አይናገርም።

እኛ አምስት ነን። ሁለታችን አምቦ ነው ያደግነው፤ አንዷ የጊንጪ ልጅ ናት፤ የቀረነው የአዲስ አበባ ልጆች ነን፣ ማለትም ከካዛንቺስና ከመርካቶ ውጪ ዓለም ያለ የማይመስለን። እና አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። ‹‹ሀገርህን ሳታውቅ ባሕር ማዶ›› ብለን ልንገስጻችሁ አልመጣንም። ያንን ስብከት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጠግበነዋል። ገንዘቡ ያለው፣ ቪዛው የተሳካለት ይሂድ። ፎቶውንም ይላክልን፣ አይተን በልባችን እንቀናለን። ጠባችን ከሄደው ሰው ጋር አይደለም። ጠባችን ከሥዕሉ ጋር ነው።

ሥዕሉ ምን አደረገን? ዕረፍት ማለት ሙቀት፣ አሸዋና ዘንባባ ነው ብሎ አሳመነን። ከዚያ የራሳችንን ቦታ ልናደንቅ ስንፈልግ እንኳ ቃል አጣን። ወንጪን ያየ ሰው ሁሉ አፉን የሚከፍተው ‹‹የኢትዮጵያዋ ስዊዘርላንድ›› ብሎ ነው። ባለፈው ደግሞ አንዱ ደንዲን ‹‹የኛ ማልዲቭስ›› ብሎ ለጠፈው። ማልዲቭስ! ሰውዬው ደንዲ ላይ ሌሊት ቢያድር ኖሮ ይህን ቃል ከአፉ አያወጣም ነበር።

እስቲ እንደ ጂኦግራፊ አስተማሪ ትንሽ እንሁን፤ ታገሡን። የማልዲቭስ ደሴቶች የሰመጡ እሳተ ገሞራዎች ላይ ያደገ ኮራል ናቸው። እሳተ ገሞራውን የሚያይ ጎብኚ የለም፣ ከባሕር በታች ቀርቷል። ዛንዚባርም የኮራል ኖራ ድንጋይ ነው። ከደሴት ደሴት እየዞርን እሳተ ገሞራ እንይ ካልን ወደ ኮሞሮስ ነው፤ እዚያ ካርታላ የሚባለው ተራራ 2361 ሜትር ከፍታ አለው፣ አሁንም ሕያው ነው። ወይ ደግሞ ወደ ጋላፓጎስ፣ ዳርዊን በ1835 እ.ኤ.አ. ወደ ደረሰበት። (ዳህላክን የሚያነሳ አይጠፋም። እሱ የሌላ ቀን ጠብ ነው።)

አሁን ወደ ቤታችን። ደንዲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በካርታ ሕግ ትሮፒካል ነው። እሳተ ገሞራ ነው፤ አፉ ወድቆ ውሃ የሞላው። የጎደለው ሙቀቱ ብቻ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አልፎ ነው የተቀመጠው፣ እና ጥቅምት ላይ ከፀሐይ መግቢያ በኋላ ያለ ጋቢ የሚቆም ጀግና ካለ ስሙን ይላክልን።

ካልሄዳችሁበት እንንገራችሁ። ከጊንጪ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሽቅብ ነው። ገብስ፣ ድንች፣ እንደገና ገብስ። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከታች ሁለት ክብ ሐይቆች በቀጭን አንገት ተያይዘው እንደ 8 ቁጥር ተጋድመዋል። ሰዎች ይህን የመሰለ ነገር ለማየት ወደ አዞረስ ደሴቶች ይበርራሉ፤ እዚያ ሴቴ ሲዳዴስ የሚባል የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ መንትያ ሐይቅ አለ፣ በድልድይ የተያያዘ፣ በፖስት ካርድ ሁሉ ላይ የታተመ። የኛው መንትያ ፖስት ካርድ የለውም። ዳሩ ላይ ከብት ይጠጣል፣ ልጆች ልብስ ያጥባሉ፣ እኛም ጫማችንን አውልቀን ገብተን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ እየጮህን ወጣን።

አንድ ነገር ግን አዞረስም የለውም። ከደንዲ ወጥቶ የሚሄደው ውሃ ሁሉቃ ይሆናል፤ ሁሉቃ አምቦ ከተማን አቋርጦ ወደ ጉደር፣ ጉደር ወደ ዓባይ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ጎረቤቱ ወንጪ፣ በእግር አንድ ቀን እንኳ የማይሞላ መንገድ ላይ ያለው፣ ውሃውን ለወልጋ ይሰጣል፤ ወልጋ ለጊቤ፣ ጊቤ ለኦሞ፣ ኦሞ ለቱርካና ሐይቅ። አንድ ደመና ሁለቱም ላይ ቢዘንብ ግማሹ ግብፅ ይደርሳል፣ ግማሹ ኬንያ። አምቦ ያደግነው ሁለታችን ሁሉቃን ልጅ ሆነን ድልድዩ ላይ ቆመን ድንጋይ ስንወረውርበት ነው የኖርነው። ከየት እንደሚመጣ የነገረን አስተማሪ አልነበረም። የሃዋይን ደሴቶች ስም ግን በቃላችን ይዘን ነበር።

የጠርሙሱ ነገርስ? አምቦ ውሃ ስትከፍቱ የሚንጣጣው ጋዝ መነሻው ከምድር ሆድ ነው፤ የዚሁ የእሳተ ገሞራ አገር ትንፋሽ ነው። ክትፎ በላን ብለን ስንጠጣው ማን ያስታውሰዋል! የጀርመን ተመራማሪዎች ደግሞ ከደንዲ ወለል ደለል ቆፍረው አውጥተው 12 ሺህ ዓመት ገደማ የሚሆን የዝናብና የድርቅ ታሪክ አንብበውበታል። ይህን ሁሉ ‹‹ማልዲቭስ›› በምትል አንድ ቃል ሸፍኖ ማለፍ ስድብ አይደለም?

ደንዲ ዳር ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ አግኝተን ነበር። የጊንጪዋ ጓደኛችን በኦሮምኛ እያስተረጎመች ስናወራ፣ ከመሃላችን አንዱ ቀባጣሪ ‹‹አባባ፣ ይሄ ሐይቅ እኮ የኛ ማልዲቭስ እየተባለ ነው›› አላቸው። ማልዲቭስ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ውሃ የከበበው፣ ሀብታም የሚያርፍበት አገር ነው ብለን አስረዳን። ትንሽ አሰቡና፣ ‹‹ልጆቼ፣ እዚያ ከብቱን የት ያጠጣሉ?›› አሉን።

መልስ አልነበረንም። እስካሁንም የለንም። ይህን ጽሑፍም ያስጀመረን ይኸው ጥያቄ ነው።

ምክንያቱም ሥዕል ሥዕል ብቻ ሆኖ አይቀርም። መጀመሪያ ፎቶ ይሆናል፣ ቀጥሎ ፕላን ይሆናል፣ ከዚያ አጥር ይሆናል። አላመናችሁም? ቢሾፍቱ ሂዱ። ስንት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አላት! ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ ቦታ ስለሆነ ሕዝብ ይወርድበታል። ባቦጋያን ለማየት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሆነ በር ማለፍ፣ የሆነ ነገር ማዘዝ አለብህ። አንዴ አምስታችን ሄደን (የት እንደሆነ አንናገርም) ዳሩ ላይ ለመቀመጥ አምስት ማኪያቶ ገዛን፤ ማኪያቶው ሲያልቅ አስተናጋጁ እየመጣ ፈገግ ይልብን ነበር፣ ያቺን ‹‹ሌላ ምን ልታዘዝ›› የምትል ፈገግታ። ውሃው የእግዜር ነው፣ ወንበሩ የባለቤቱ ነው፣ ማየቱ በኪራይ ነው።

ወንጪ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ሐይቁ መሃል ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም። ማስታወቂያው የሚሸጥልን ‹‹በጀልባ ወደ ደሴት›› እኮ እዚሁ አለ! ከብዙ ዓመት ጀምሮ የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረሱንም፣ ጀልባውንም፣ አስጎብኚነቱንም በተራ ይሠሩ ነበር። በተራ የምትለዋን ቃል አስምሩልን። ዛሬ ያንተ ፈረስ፣ ነገ የጎረቤትህ። በ2012 ዓ.ም. ‹‹ገበታ ለሀገር›› መጣ፤ ጎርጎራን፣ ኮይሻንና ወንጪን ይዞ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ካላቸው 44 መንደሮች አንዱ ወንጪ ሆነ። ደስ ብሎናል፣ አንዋሽም። መንገድና መብራት የሚጠላ እብድ ነው፣ ሥራ ያገኘውም ወጣት የኛው እኩያ ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ የፈረሱ ተራ በሥርዓቱ ቀጥሏል ወይ? ሎጁ ውስጥ የሚያድረው ሰው ቆጮና ማር የሚገዛው ከማን ነው? ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ሐይቁን ለማየት የወሊሶና የአምቦ ተማሪ የሚከፍለው ከቱሪስቱ እኩል ነው?

‹‹እናንተ ልማት ስታዩ ያማችኋል›› የሚለን አለ። ስለዚህ ከሩቅ አገር ምሳሌ እናምጣ። ጋላፓጎስ የዓለም ሀብታም ሁሉ ለሳምንት ከደሴት ደሴት የሚዞርበት ቦታ ነው። እዚያ ከየብሱ 97 በመቶ የሚሆነው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ፓርኩን ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር እንጂ እንደፈለግህ አትዞርም። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ጎብኚ መግቢያ ከ100 ወደ 200 ዶላር ከፍ ሲል የኢኳዶር ዜጋ የሚከፍለው 30 ነው። ችግር የለም አላልንም፤ እዚያም ሕዝብና ጀልባ እየበዛ ነው ይባላል። ግን የአገሩ ሰው የአገሩን ደሴት በእንግዳ ዋጋ እንዳይገዛ አስበውበታል። ፎቶውን የሚኮርጅ ሰው ምነው ይህችን አይኮርጃት?

ደንዲ ወረዳን ደግሞ ከሌላው ቦታ የሚለይ ትዝታ አለ፣ ፕላን አውጪዎች የሚረሱት። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት በምን ነበር? በመጫወቻ ሜዳና በጭልሞ ደን ነው። ሜዳው ለባለሀብት ሊሰጥ ነው፣ ደኑም ሊመነጠር ነው ተብሎ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጊንጪ የተነሳው በመላው ኦሮሚያ ተዳርሶ መንግሥት እስከ መለወጥ ደረሰ። የጊንጪዋ ጓደኛችን ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስለዚያ ወር ብዙ አታወራም። አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ ‹‹ሜዳው ትንሽ ነበር። ሌላ ሜዳ ግን አልነበረንም።››

እንግዲህ እዚያው ወረዳ ውስጥ 8 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ አለ። ‹‹ወንጪ–ደንዲ›› እየተባለ በአንድ ትንፋሽ ይጠራል እንጂ እንግዳው የሚወርደው ወንጪ ነው፤ ደንዲ ገና ባብዛኛው የእረኛና የከብት ነው። ስለዚህ አሁን ነው መናገር። ግንብ ከቆመ በኋላ የሚጻፍ ጽሑፍ ለቅሶ እንጂ ክርክር አይሆንም። የምንለው ሦስት ነገር ነው። የሐይቁ ዳር ዙሪያውን ለእግረኛና ለከብት ክፍት ይሁን፣ ሎጅ ከተሠራም ከዳሩ ርቆ ይሠራ። ጀልባው የአካባቢው ሰው ይሁን፣ በተራ። እና ከጊንጪ ቢያንስ ቅዳሜና እሑድ የሚመላለስ ሚኒባስ ይኑር፣ ታሪፉ በወረቀት ተለጥፎ፤ አሁን መኪና የሌለው ሰው የሚደርሰው በልመና ነው።

‹‹ሰላሙስ?›› ትሉናላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ምዕራብ ሸዋ ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈ እኛ ልንነግራችሁ አይገባም፤ ቤተሰቦቻችን እዚያ ናቸው። መንገዱ ሰላም የሆነበት ቀን አለ፣ ያልሆነበት አለ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ላይ ደውሉ፣ ‹‹አትምጡ›› ካሏችሁ አትሂዱ። ለነሱ ግን ቀሪ የሚባል ምርጫ የለም፣ ከብቱ በየቀኑ ይጠማል።

የኛ ሰባት ቀን እንዲህ ነው፣ መንገዱ ደኅና ከሆነ፦ አንድ ሌሊት አምቦ፣ ፍል ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፎ። ሁለት ቀን ደንዲ። ሁለት ቀን ወንጪ፣ በፈረስ ወርዶ በጀልባ ወደ ቂርቆስ። ከዚያ በወሊሶ አድርጎ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ባቱ፤ እዚያ ደንበል ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። ቱሉ ጉዶ ራሱ ከሐይቁ የወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የዘይ ሕዝብ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሰድዶ እዚያ ቆይቷል ብሎ ይተርካል። ከቁርስ ጋር አይደለም፤ ቁርሱ ያገኘነው ነው፤ ባለፈው ደንዲ ላይ ጭኮ ነበር፣ ሽማግሌው ከአገልግላቸው ቆርሰው የሰጡን።

ጥቅምት ላይ ተመልሰን እንሄዳለን፣ ዝናቡ ሲያባራ። ለሽማግሌው አንድ ኪሎ ቡና ቃል ገብተናል። ጋቢ የሌለው ከመካከላችን አንዱ ነው፤ ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል፣ ዘንድሮ አናበድርም።