ሁለተኛው ቋንቋ የቱ ነው?

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ሱቅ ላክነው። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። ባለሱቁ «ስልሳ አምስት ብር» ሲለው መቶ ብሯን እንደያዘ እየሮጠ ተመለሰና «ስልሳ አምስት ሲክስቲ ፋይቭ ነው ፊፍቲ ፋይቭ?» አለን። ሳቅን። እህቴ እንደውም ለጓደኞቿ ልታወራው ስልኳን አነሳች። እማዬ ግን አልሳቀችም። ብሩን ከእጁ ተቀብላ፣ ነጠላዋን ደርባ ራሷ ሄደች።

ልጁ የሚማረው በራፉ ላይ «ባይሊንጓል ኢንተርናሽናል» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ከአንድ መኖሪያ ቪላ የተቀየረ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚሁ ጳውሎስ አካባቢ። ስሙን አልጠራም። አንደኛ ነገር፣ ጠቤ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር አይደለም። ሁለተኛ፣ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። እህቴ ነርስ ናት፤ በአዳር ተረኝነትና በእንቅልፍ መሃል ትምህርት ቤት የምታማርጥበት ጊዜ አልነበራትም። «አንተ ኢንጂነር ነህ፣ እንግሊዝኛውንም ታውቃለህ፣ እስቲ እይልኝ» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ግቢው ሰው ሠራሽ ሳር ለብሷል። በአንድ ክፍል ሃያ ልጅ ነው ያለው። ስገባ ብድግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ ሰር!» አሉኝ፤ በቃ፣ እዚያው ተሸነፍኩ። ርዕሰ መምህሯ «እኛ ግቢ ውስጥ አማርኛ አይወራም» ሲሉኝ ስለ ጥራታቸው የሚነግሩኝ መሰለኝ። አማርኛ የማይወራ ከሆነ፣ ባይሊንጓል ያሰኛችሁ ሁለተኛው ቋንቋ የቱ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ያኔ ጥያቄው ጭራሽ አልመጣልኝም።

አሁን መጥቶልኛል፤ ምክንያቱም ታናሿ አራት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ምዝገባም ተጀምሯል።

እንግዲህ ያየሁትን ልበል። በየሰፈራችን ባይሊንጓል እየተባሉ ከሚሸጡልን ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ያየኋቸው ሁለት ቋንቋ አያስተምሩም። ልጁ ይዞት የመጣውን ያስጥሉታል፣ የሚሰጡትን ደግሞ ግማሹን ብቻ ይሰጡታል። ክፍያው ግን የሁለት ነው። እኛ ወላጆች፣ አጎቶች፣ አክስቶች ደግሞ ይሄን የምንቀበለው ተታልለን ብቻ አይደለም፤ ደስ ብሎን ነው።

«ግማሹን» ያልኩት ለመሳደብ አይደለም። አንድ ማታ የሳይንስ የቤት ሥራ ሳሠራው «ኢቫፖሬሽን ምንድነው?» አልኩት። ትርጉሙን ከነነጠላ ሰረዙ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ በእንግሊዝኛ ወረደልኝ። ኮራሁ። ከዚያ እማዬ ሻይ ጥዳ ስለነበር «ይሄ ከማንቆርቆሪያው የሚወጣው እንፋሎት ምን ሆኖ ነው?» አልኩት። «ጭስ ነዋ» አለኝ። ታጥቦ የተሰጣው ልብስ ለምን እንደሚደርቅ ጠየቅኩት፤ «ፀሐይ ስለሆነ»። ልጁ ሰነፍ አይደለም። በእንግሊዝኛ የሸመደደው ትርጉምና በዓይኑ የሚያየው እንፋሎት ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ ማንም አላገናኛቸውም። በእኔ ሙያ አንድ ዳታ ሁለት ቦታ ተቀምጦ ሁለቱ ካልተያያዙ ውሎ አድሮ መጣላታቸው አይቀርም።

ማገናኘት የነበረባት መምህርቷ ናት። አንድ ቀን ቀድሜ ደርሼ ልጁን ስጠብቅ በመስኮት ስታስተምር ሰምቻታለሁ። ወጣት ናት፣ ምናልባት በእኔ ዕድሜ። በእንግሊዝኛ መጽሐፉን ታነባለች፣ ልጆቹ ይደግማሉ፣ ታነባለች፣ ይደግማሉ። ከደወሉ በኋላ በር ላይ አንዲት እናት ስለ ልጇ ስትጠይቃት ግን በአማርኛ ምን ያህል ጥርት አድርጋ፣ በምሳሌ እያዋዛች፣ የልጁን ጠባይ ሳይቀር እየነገረች እንዳስረዳቻት! ያቺ ጎበዝ አስተማሪ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ክፍል ውስጥ አፏ የታሰረው ትምህርት ቤቱ ስላዘዛት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያዘዛት እኛ ስለከፈልን ነው።

«ግን እኮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ነው!» ይሄ የእህቴ መልስ ነው፣ ትክክልም ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህን ያየች እናት ልጇን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ብትነክረው እብድ አይደለችም፤ የፈራች ሰው ናት። የውድቀቱ ሰበብ ቋንቋ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም፤ የመጽሐፍ፣ የመምህር፣ የጦርነት፣ የረሃብ ጉዳይ አለበት። ነገር ግን ፍርሃቷ የሚነዳት ወደ ተሳሳተው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለራሱ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፤ የውጭና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች በየክልሉ ዞረው ያዘጋጁት። ስምንቱንም ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያስተማሩ ክልሎች ልጆች፣ ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከገቡት በስምንተኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት ነበራቸው። በራሱ በእንግሊዝኛ ትምህርት ጭምር። ይሄን ሳነብ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አንብቤዋለሁ።

ሰፈራችንም የራሱ ታሪክ አለው። ከጳውሎስ ብዙም ሳይርቅ ዊንጌት አለ። ዛሬ ስሙን የምናውቀው በታክሲ ረዳት ጥሪና በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ነው እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በብሪቲሽ ካውንስል እገዛ ሲከፈት በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች የሚያድሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። መለስ ዜናዊም ተምረውበታል። ሰው ዊንጌትን እያነሳ «ይኸው እንግሊዝኛ ሰው ሲያደርግ» ይለኛል። እሺ፤ ግን እነዚያ ልጆች ዊንጌት የገቡት ጎረምሳ ሆነው ነው። መከራከር፣ ተረት መተረት፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚችሉበት ቋንቋ ይዘው መጡና በላዩ እንግሊዝኛ ደረቡበት። የእኛ የአራት ዓመት ልጅ የሚደርበው በምን ላይ ነው?

ሌላው መከራከሪያ ደግሞ «ካናዳ ውስጥ ይሠራል» ነው። አንድ የትምህርት ቤት ባለቤት ነግረውኛል፣ ኢመርዥን እያሉ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በሚባል ቦታ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕጻናትን በፈረንሳይኛ ማስተማር ተጀመረ፣ ሠራም። ነገር ግን እዚያ መምህሩ የልጆቹን ቋንቋ ይሰማል፤ ልጆቹ መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝኛ ቢመልሱ አይቀጡም፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንግሊዝኛው ራሱን ችሎ በደንብ ይሰጣል። ልጅን በገዛ ቋንቋው ስላወራ መቅጣት ከካናዳ የመጣ አይደለም። ይሄን የምታገኙት ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ስለ ልጅነቱ በጻፈው ውስጥ ነው፤ በቅኝ አገዛዝ ትምህርት ቤት ጊኩዩ ሲያወራ የተያዘ ልጅ ይገረፋል፣ አህያ ነኝ የሚል ሰሌዳ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። የእህቴ ልጅ ክፍል ውስጥ አማርኛ ያወራ ልጅ ስሙ በካፒቴኑ ተመዝግቦ እረፍት ይከለከላል። እንግሊዞች ኬንያ ውስጥ ይሄን ያደረጉት በጉልበት ነበር። እኛ በየተርሙ ደረሰኝ እየተቀበልን እናስደርገዋለን።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ቦታ ልምጣ። እማዬ የሱሉልታ ልጅ ናት። ከእንጦጦ ማዶ ከሚመጡት ወተትና ቅቤ ሻጮች ጋር በኦሮምኛ ስታወራ ድምጿ ራሱ ይለወጣል፤ ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ትከራከራለች። የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስም፣ ጉለሌ፣ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። እኔና እህቴ ግን ስንሰማት «ትንሽ ትንሽ» ነው የሚገባን፤ መናገሩማ አይታሰብም። ማንም አልከለከለንም። እማዬ ራሷ በተማረችበት ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ብቻ ነበር፤ ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ አገሪቱ ሁሉ እንዲያ ነበር። ኦሮምኛ ክፍል ውስጥ እንደማያስፈልግ እዚያ ተማረች፤ ለእኛም ያስተላለፈችው ያንን ነው። ስለዚህ ስለ አማርኛ ስጮህ፣ የእኔ አማርኛ ራሱ በቤታችን ውስጥ ምን እንደበላ ረስቼው አይደለም። እንደውም ስለማውቀው ነው የምደነግጠው። አንድ ቋንቋ ከአንድ ቤት እንዴት እንደሚወጣ አይቻለሁ፤ ድምፅ አያሰማም። መጀመሪያ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ከዚያ ቀልዱ። ባይሊንጓል ልጅ ለማሳደግ ቤታችን ውስጥ ሁለት ቋንቋ በነጻ ነበረን፤ እኛ ግን ሁለቱንም ለማስጣል እየከፈልን ነው።

«አንተ ግን በእንግሊዝኛህ ነው እንጀራ የምትበላው» ትላለች እህቴ። እውነት ነው፤ ሶፍትዌር የምሠራው ለውጭ ደንበኞች ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል የመንግሥት ትምህርት ቤት በአማርኛ ተማርኩ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ አምስት ኪሎ። አነጋገሬ እስከዛሬ ፈረንጅ አያስመስለኝም፤ አንድም ደንበኛ ግን በአነጋገሬ ቅር ብሎት አያውቅም። የሚቆጡት ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደሞከርኩ አስተካክዬ ሳልጽፍላቸው ስቀር ነው። ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት የተማርኩት ደግሞ ከእንግሊዝኛ መምህር አይደለም፤ አምስተኛ ክፍል ድርሰቴን ሦስት ጊዜ ካስደገሙኝ የአማርኛ መምህሬ ነው። ሥራ ሊቀጠሩ መጥተው ያነጋገርኳቸው ልጆች አሉ፤ እንግሊዝኛቸው እንደ ፊልም ይፈሳል፣ «ይሄ ኮድ ለምን ይዘገያል?» ስትላቸው ግን በየትኛውም ቋንቋ መልስ የለም። (ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ እኛ አሁንም በላቲን «ሰላም» እንጻጻፋለን። ይሄ ሌላ ጊዜ የምጽፈው ጠብ ነው።)

ታዲያ ትንሽ ባይሊንጓል ትምህርት ቤት አይኑር እያልኩ ነው? በጭራሽ። የተናደድኩት ነገሩ ሊሠራ የሚችል ስለሆነ ነው። ሃያ ልጅ ያለበት ክፍል፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም የሚያውቅ ርዕሰ መምህር፣ ይሄ እኔ የተማርኩበት ስድሳና ሰባ የሚታጨቅበት ክፍል ያልነበረው ሀብት ነው። ሁለት ቋንቋን ከልብ ማስተማርም ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም፤ ሊሴ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ፈረንሳይኛን እያስተማረ አማርኛውን አልጣለም። የሊሴን ገንዘብ ከሰፈር ትምህርት ቤት አልጠብቅም። ሰዓት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ሒሳብን በአንዱ፣ አካባቢ ሳይንስን በሌላው ማስተማር፣ ወይም አንዱን ነገር በሁለቱም ማስረዳት ሳር ከማንጠፍ ይረክሳል።

«ኢንተርናሽናል» የሚለውንም ቃል ዝም ብላችሁ አትዋጡት። ካምብሪጅም ሆነ አይቢ ፈቃድ የሰጧቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ስልካችሁ ላይ ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ ለልጁ ያንን ሁለት ደቂቃ አልሰጠሁትም፤ አንድ ስልክ ስገዛ ግን ሦስት ቀን ግምገማ አነባለሁ።

በዚህ ሰሞን ለታናሿ ሁለት ትምህርት ቤት አየን። አንደኛው ጋ የአማርኛ መምህሩን ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ጠየቅኩ፤ ሁለት። ቤተ መጻሕፍቱን አሳዩኝ አልኩ፤ ከታች መደርደሪያ ላይ አራት የአማርኛ መጻሕፍት፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት። የአማርኛ መምህሩ ደሞዝ ከእንግሊዝኛው መምህር እኩል ነው ወይ ስል ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብለው «ወንድሜ፣ ይሄን የጠየቀኝ ወላጅ የለም» አሉኝ። ቅር አላለኝም፤ እውነታቸውን ነው። ወላጅ ያልጠየቀውን ማን ያዘጋጃል? ሁለተኛው አነስ ያለ ነው፣ ሳር የለውም፣ ግቢው ኮብልስቶን ነው። እዚያ ልጆቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንዲት መምህርት ባቄላ እያስቆጠረቻቸው ነበር፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። እህቴ ሳሩን እያሰበች ነው መሰለኝ ፊቷ አልፈታም። «እዚህ ካስገባኋት ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?» አለችኝ ታክሲ ውስጥ።

ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ሐሙስ ሁለተኛውን ደግመን እናያለን፤ በዚህኛው ዙር እማዬም ልምጣ ብላለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ እንዳላት ነግራናለች፤ ልጅቷ ስታለቅስ በምን ቋንቋ ነው የሚያባብሏት።