ድካም ሁሉ ስንፍና አይደለም

በዛሬው ዓምዳችን በብዙ ትዳር ውስጥ ቅሬታ ስለሚያመጣ ድካም እንነጋገር።

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል የምትኖር እኅት ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ዳገት ወጥታ ገበያ ደርሳ ብትደክም አይገርምም፤ ሌሊት ካረፈች ጠዋት ትበረታለች። እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም ግን አለ። ሰው ተኝቶ ሲነሣ እንዳልተኛ ይሆናል፤ ሐሳቡ ይበተናል፤ ጥቂት ከሠራ በማግሥቱ አልጋ ይይዛል። ይህ ከ6 ወር በላይ ሲዘልቅና ሌላ ምክንያት ሲታጣለት፣ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ይሉታል። ጎረቤት ግን «ሰነፈች» ይላል፤ በጉባኤም «ጸሎት ቀንሳለች» የሚል አይጠፋም።

ሳይንስ የሚለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕሙማን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ካለው ፈሳሽ፣ በጤነኞች ያላዩአቸውን ፕሮቲኖች አገኙ። በ2011 ሌሎች የ43 ሕሙማንን ፈሳሽ መርምረው የፕሮቲኑ ስብጥር ከጤነኞች እንደሚለይ አሳዩ። በ2023 ደግሞ በሕሙማን ጡንቻ ውስጥ አንድ ፕሮቲን በዝቶ ሰውነት ኃይል የሚያመነጭበትን ሥራ እንደሚያውክ ተዘገበ። እነዚህ ፍንጮች ናቸው እንጂ በሽታውን የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ ወይም ፈዋሽ መድኃኒት ገና አላስገኙም። ሆኖም ሕመሙ በሥጋ ውስጥ እንዳለ ይመሰክራሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ስኳር፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የመንፈስ ጭንቀትም እንዲሁ ያደክማሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሕክምና አላቸው። መጸለይ መመርመርን አይከለክልም።

ባሎች ሆይ፣ «ተነሥተሽ ብትንቀሳቀሺ ይለቅሽ ነበር» አትበሉ። በ2021 የወጣው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ፣ በየጊዜው እየተጨመረ የሚሰጥ የእንቅስቃሴ ሕክምና ለእነዚህ ሕሙማን እንዳይሰጥ አዟል። ከአቅም በላይ መሥራት ያብስባቸዋልና። ጀሪካኑን እናንተ ያዙ፤ ሥራውን ለልጆችም አከፋፍሉ፤ ሳትዝል በፊት እንድታርፍ አድርጉ። ሚስቶችም፣ ባላችሁ ቢታመም እንዲሁ አድርጉለት።

ነቢዩ ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ወድቆ ሳለ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ዳግመኛ ሲተኛም ተወው (1ኛ ነገሥት 19)። በቤታችሁ የደከመ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ «አምንሃለሁ»፣ «አምንሻለሁ» በሉት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።