የትንሽ ከተማ የወንጀል ቁጥር ምን ይናገራል?

በአሜሪካ የከተሞች የግድያ ወንጀል የሚነጻጸረው በ100 ሺህ ነዋሪ እየተሰላ ነው። ስሌቱ ለኒውዮርክ ወይም ለቺካጎ ያገለግላል፤ ትንሽ ከተማ ላይ ሲደርስ ግን ያሳስታል። 2 ሺህ ሕዝብ ባላት ከተማ በዓመት አንድ ሰው ቢገደል መጠኑ በ100 ሺህ 50 ይሆናል፤ የሀገሪቱ አማካይ ግን ከ10 በታች ነው። በቀጣዩ ዓመት ማንም ካልተገደለ ያችው ከተማ ዜሮ ታስመዘግባለች።

የቴክሳሷ ዩቫልዲ 15 ሺህ ገደማ ነዋሪ አላት። እ.አ.አ ሜይ 24 ቀን 2022 አንድ የ18 ዓመት ታጣቂ በሮብ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ተማሪዎችንና ሁለት መምህራንን ገደለ። በስሌቱ መሠረት ይህ ብቻውን በ100 ሺህ ወደ 140 ይጠጋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ቁጥሩ የማይናገረው ነው።

ስለ ትንንሽ ከተሞች ደኅንነት ሲነሳ የፖሊስ ማነስና የቦታ ርቀት በምክንያትነት ይቀርባሉ። በዩቫልዲ ሁለቱም አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች በደቂቃዎች ውስጥ ደርሰዋል። በአጠቃላይ 376 የሕግ አስከባሪዎች በስፍራው ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹም የድንበር ጠባቂዎችና የክፍለ ግዛቱ ፖሊሶች ነበሩ። ሆኖም ታጣቂው እስኪገደል ድረስ 77 ደቂቃ አለፈ። በዚያ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሕፃናት ስልክ ደውለው ርዳታ ይማጸኑ ነበር፤ ወላጆችም ከደጅ ሆነው ፖሊስ እንዲገባ ይጮኹ ነበር። የሀገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2024 ባወጣው ሪፖርት የአመራር፣ የውሳኔና የቅንጅት ጉድለቶችን ዘርዝሯል። ከእነዚህ አንዱንም የወንጀል መጠን ሠንጠረዥ አይመዘግበውም።